ሞያሌን ማለፍ ሳይሆን መጎብኘት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ወደ ሞያሌና ወደ ቦረና ምድር ስለሚደረግ ጉዞ በመሆናቸው አንድ ላይ ሰብስቤ መልሻቸዋለሁ። ከጠያቂዎቼ አብዛኞቹ ከተማዋን ፓስፖርት ላይ ማኅተም አስመትተው የሚያልፏት በር አድርገው የሚያስቧት ይመስላል፤ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቴም ከመልሶቹ ይታያል።

ከአዲስ አበባ ተነስቼ ሞያሌ በአንድ ቀን መግባት እችላለሁ?

መንገዱ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በቡሌ ሆራ (በቀድሞ ስሟ ሐገረ ማርያም) እና በያቤሎ መገንጠያ በኩል ከ770 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በአንድ ቀን የሚገባ ሹፌር ባይጠፋም እኔ ግን አልመክርዎትም፤ ከመሸ በኋላ ከብቱም ግመሉም አስፋልት ላይ ይተኛል፣ ከዚያም በላይ ለማየት የሚሄዱለትን አገር በጨለማ ያልፉታል። ያቤሎ ይደሩ። በማግስቱ የሚቀርዎት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዱብሉቅና ሜጋ በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። አካባቢው በተለያዩ ጊዜያት ግጭት የጎበኘው በመሆኑ ከመነሳትዎ በፊት ያቤሎና ሞያሌ ያሉ ሰዎችን ስለ መንገዱ ደኅንነት መጠየቅ አይርሱ።

ስለሚዘፈንባቸው የውኃ ጉድጓዶች ሰምቻለሁ። የዓመት ፈቃዴ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ይመቻል?

ሚያዝያ ለዚህ ጉዳይ አይመችም። የቦረና ወቅት ከደጋው ጋር አይገጥምም፤ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ አጭሩ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር የሚጥል ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ፣ አዲስ አበባ በዝናብ ስትርስ፣ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ናቸው። ዝናብ ሲኖር ከብቱ በየኩሬው ስለሚጠጣ ጉድጓዶቹ ሥራ ይፈታሉ፤ በሚያዝያ ቢሄዱ የሚያገኙት ጸጥ ያለ ጉድጓድ ነው። ፈቃድዎን ወደ ጥር ወይም ወደ የካቲት ማዛወር ከቻሉ ግን በሥራ ላይ ያገኟቸዋል።

ቦረናዎች ቱላ የሚሏቸው ጥልቅ ጉድጓዶች በዘጠኝ ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ለመንገደኛ የሚቀርበው ዱብሉቅ ነው። ከብቶቹ ዳር ዳሩ በተቆፈረ ሰፊ መውረጃ ወደ ገንዳው ይገባሉ፤ ከገንዳው በታች ደግሞ ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ። ዘፈኑ ለእንግዳ የተዘጋጀ ትርኢት አይደለም፤ ባልዲ ወጪውና ባልዲ ወራጁ እንዳይጋጩ ምት የሚጠብቅ የሥራ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ምቱን ሲስት ውኃው ከታች ባለው ሰው ራስ ላይ ይፈሳል፤ ሁሉም ይስቃል። የማጠጫ ተራውን የሚመራ አባ ሄሬጋ የሚባል ኃላፊ ስላለ ፈቃድ ሳይጠይቁና ክፍያውን ሳይነጋገሩ መውረድ ነውር ነው። ይህ ሥርዓት የሚቆመው በገዳ ሕግ ላይ ነው፤ ገዳ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት መመዝገቡን ያስታውሳሉ።

ወደዚያ ከሄዱ ሶዳን ሳያዩ እንዳይመለሱ፤ በአማርኛ ጨው ቤት ይሏታል። መንደሯ የተቀመጠችው በእሳተ ገሞራ አፍ ጫፍ ላይ ሲሆን ከታች ጥቁር የጨው ሐይቅ ይታያል። ወንዶች አፍንጫቸውንና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቁና ከሐይቁ ወለል ጨዋማውን ጭቃ በእንጨት እየፈነቀሉ ያወጣሉ፤ አህዮችም ጭነቱን ይዘው ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ሽቅብ ይወጡታል። እኔ ቁልቁለቱን በግማሽ ሰዓት ገደማ ወርጄ፣ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብኛል፤ የተጫነች አህያም ቀድማኛለች። በማለዳ ይውረዱ፣ ውኃ ይያዙ።

ወደ ኬንያው ሞያሌ ለአንድ ቀን መሻገር ብፈልግ ምን ያስፈልገኛል?

ፓስፖርትና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይያዙ። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ ካርዱ ተቀባይነት የሚያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የአካባቢው ነዋሪ ቀለል ባለ መንገድ ሲመላለስ አይተው «እኔስ ለምን አልሄድም?» እንዳይሉ፤ እሱ የሚሄደው ወደ አክስቱ ቤት ነው። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በተመረቀው የጋራ ኬላ የሁለቱም አገሮች ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ በአንድ ግቢ እንዲሠሩ በመደረጉ ማኅተሙ የሚመታው በአንድ ቦታ ነው።

መስመሩን እንደተሻገሩ መኪና በግራ በኩል ስለሚሄድ መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝዎ ይዩ። ሰዓቱ ግን ያስደስትዎታል፤ ስዋሂሊ ተናጋሪም እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር የጠዋቱን አንድ ሰዓት «ሳአ ሞጃ» ይለዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የአውቶቡስ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የስድስት ሰዓት ልዩነቱን ያሰሉ። ቀኑም የፈረንጅ ነው።

ዕቃ ከዚያ ርካሽ ነው ይባላል። ገዝቼ ብመለስ?

ለራስዎ የሚሆን ጥቂት ነገር ከነደረሰኙ ይግዙ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በጉምሩክ ያስመዝግቡ፤ ወደ መሃል አገር የሚመልሰው መንገድ ላይ ፍተሻ አለና። ገንዘብም በባንክ ይመንዝሩ እንጂ ጎዳና ላይ «ሽልንግ፣ ሽልንግ» ለሚልዎት ሰው ብርዎን አይስጡ፤ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ቆጠራው ላይ የሚደርስብዎትን ለማንም አቤት ማለት አይችሉም።

ወፍ ተመልካች ነኝ። በአንድ ጠዋት ምን አገኛለሁ?

በያቤሎ ዙሪያ በግራር መካከል ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማትገኘውን፣ ሰውነቷ ግራጫ፣ ክንፏና ጅራቷ ጥቁር፣ የዓይኗ ዙሪያ ደማቅ ሰማያዊ የሆነውን የቁጥቋጦ ቁራ ያገኛሉ፤ በመንደሮች አጠገብ መሬት ላይ ስትለቅም ስለምትታይ ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። ጅራቷ ላይ ነጭ ያላትን ወንጨፊትም ይፈልጉ፤ ሳይንሳዊ ስሟ የተወሰደው ከሜጋ ነው።

ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል?

ኬላውን፣ ወታደሩንና የጉምሩክ ግቢውን በፍጹም እንዳያነሱ። ሰውን አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ ሰላምታውም «ነጋ» ነው፣ ሰላም ማለት ነው። ቤት ገብተው ቡና ቀላ ካቀረቡልዎት ካሜራውን ያስቀምጡ። ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ የተጠበሰ ስለሆነ ፍሬው ይታኘካል፤ ቅቤውን ደግሞ እጅና ፊት ይቀቡታል፤ እርስዎም ጥቂት ቢቀቡ ባለቤቶቹ ደስ ይላቸዋል።