ማዕቀብ ተጣለ ሲባል መጀመሪያ ዝርዝሩን ክፈቱት

ለናንተ ሕግና ኢንተርናሽናል ሪሌሽን ለምትማሩት፣ ሳትማሩም ፌስቡክ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ለምትከራከሩት ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ።

እኔ ዲፕሎማት አልነበርኩም። የስራ ዘመኔን የጨረስኩት ባንክ ቤት ነው፣ ኤልሲ፣ ማለትም ለአስመጪዎች የባንክ የክፍያ ዋስትና፣ ስከፍትና ከውጭ የሚመጣ ሐዋላ ሳጣራ፣ ስለዚ ማዕቀብ የሚሉት ነገር ለኔ ጠረጴዛዬ ላይ የሚመጣ ወረቀት ነበር፣ ይሄ ስም ያለበትን ክፍያ እንዳታሳልፉ፣ ይሄ እቃ ወደዛ አገር እንዳይጫን እያለ የሚመጣ። ከዛ ጠረጴዛ የተማርኩት ነገር ቢኖር የማዕቀብ ጉልበቱም ድክመቱም ዝርዝሩ ላይ ነው ያለው፣ ርዕሱን አንብቦ የሚጨፍረውም የሚያለቅሰውም ገና ምኑንም አላየም።

2021 ላይ ሴፕቴምበር 17 የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት 14046 የሚባለውን ትዕዛዝ ሲፈርሙ ታስታውሳላችሁ፣ አገር ቤት ያለውም ዲያስፖራውም ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ እሰይ ግማሹ ወይኔ ሲል፣ "ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ ተጣለ" እየተባለ ሼር ሲደረግ። ትዕዛዙን ስታነቡት ግን ያን ቀን የማንም ስም አልተጻፈበትም፣ ወደፊት ስም ለመጻፍ ስልጣን የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስሞች የወጡት ኖቬምበር 12 ነው፣ የኤርትራ መከላከያ ሰራዊት፣ ገዢው ፓርቲያቸው ህግደፍ፣ ከፓርቲው ጋር የተያያዙ ሁለት ድርጅቶችና ሁለት ባለስልጣናት። የኢትዮጵያ መንግስትም ህወሓትም ዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ከዛ ጃንዋሪ 1፣ 2022 አጎአ ቀረብን፣ ይሄኛው ደግሞ በሕግ ዓይን ማዕቀብ እንኳን አይደለም፣ አሜሪካ በ2000 ባወጣችው የራሷ ሕግ መስፈርት አስቀምጣ እቃን ወደ ገበያዋ ከቀረጥ ነፃ ለማስገባት የሰጠችው ዕድል ነው፣ የሰጠችውን መልሳ ወሰደች፣ በቃ፣ ማንም ከሶ አያስመልሳትም። የቱ ነው የጎዳን ብትሉኝ ግን እኔ ይሄን ማዕቀብ ያልሆነውን ነው የምላችሁ። ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉት ልጆች 14046 የሚባል ቁጥር ሰምተውም ላያውቁ ይችላሉ፣ አጎአ ግን እንጀራቸው ላይ ነው የመጣው።

የማዕቀብን ነገር ከስሩ ልማር የሚል ካለ ግን ሩቅ አይሂድ፣ የኛኑ 1928 ዓ.ም. ያንብብ። ብዙ ሰው የመንግሥታቱ ማህበር፣ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ የሚባለው፣ ዝም ብሎ አየን ይላል፣ ዝም አላለም እኮ። ጣልያን ኦክቶበር 3፣ 1935 መረብን ተሻግሮ ገባ፣ በአራተኛው ቀን የማህበሩ ምክር ቤት ጣልያን ቃሉን አፍርሶ ጦርነት ከፍቷል ብሎ ወሰነ፣ ከዛ በጉባኤው ከ54ቱ አባል አገሮች 50ው ተስማሙ፣ ጣልያንን ትተን ያፈነገጡት ኦስትሪያ፣ ሀንጋሪና አልባኒያ ብቻ ናቸው። በማህበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16 መሰረት ኖቬምበር 18 ማዕቀቡ ስራ ጀመረ። ወረቀቱን ብቻ ላየ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

አሁን ዝርዝሩን ክፈቱት። ለጣልያን መሳሪያ መሸጥ ክልክል፣ ብድር ክልክል፣ ከጣልያን እቃ መግዛት ክልክል፣ ጥሩ። ለጣልያን እንዳይሸጥ ከተባለው እቃ ውስጥ ደግሞ ጎማ፣ ቆርቆሮ፣ ኒኬል፣ ማንጋኒዝ፣ አሉሚኒየም፣ ከዛ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ግመል። ልጆቼ፣ ግመል ተጽፏል፣ ነዳጅ አልተጻፈም! የብረት ማዕድን ታግዷል፣ የተሰራው ብረት ግን አልታገደም፣ የድንጋይ ከሰልም የለበትም፣ አሉሚኒየሙን ደግሞ ጣልያን ራሷ ታመርተው ነበር። አውሮፕላኑና ካሚዮኑ የሚነዳው በምን እንደሆነ በማህበሩ መቀመጫ ጄኔቭ የተቀመጡት ሰዎች ጠፍቷቸው አይመስላችሁ፣ ነዳጁን እንጨምር የሚለው ሐሳብ ቀርቦ ዛሬ ነገ ሲባል ነው ያለፈው፣ አንዱ ምክንያት አሜሪካ አባል ስላልሆነች እኛ ብናቆም እሷ ትሸጣለች የሚል ነበር፣ እውነትም የአሜሪካ ነዳጅ ወደ ጣልያን መጫኑ ጨምሮ ነበር፣ ሌላው ደግሞ ሙሶሊኒን አስቆጥተን ወደ ሂትለር እንዳንገፋው የሚል ፍርሃት። በዚሁ መሀል ዲሴምበር ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆርና የፈረንሳዩ ጠቅላይ ሚኒስትር ላቫል አገራችንን ቆርሰው ለጣልያን ሊሰጡ የተስማሙበት ወረቀት የፓሪስ ጋዜጣ ላይ ወጣባቸው፣ ሆር ስልጣኑን ለቀቀ። ስዊዝ ካናልም ክፍት ነበር፣ የ1888ቱ ስምምነት ለሁሉም ክፍት ይሁን ስለሚል የጣልያን ወታደር የጫነ መርከብ ክፍያውን እየከፈለ ያልፋል፣ ወደኛ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ሁሌ የሚቆጨኝ ከጦርነቱ በፊት የነበረው ክረምት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ እኛ ገለልተኛ ነን ብለው ለሁለቱም ወገን መሳሪያ አንሸጥም አሉ። ሲሰሙት ፍትሃዊ ይመስላል አይደል? ጣልያን መሳሪያዋን ራሷ ትሰራለች፣ እኛ ገዝተን ነው። ሁለቱም ላይ እኩል የተጣለ ክልከላ አንዱን ብቻ እጁን አሰረው፣ በኛ ላይ የነበረው እገዳ የተነሳው ደግሞ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። ዛሬም "በሁሉም ወገኖች ላይ" የሚል ነገር ስታነቡ ቆም ብላችሁ ማን ገዢ ማን አምራች እንደሆነ እዩ።

ማዕቀቡ ሮም ላይ ደግሞ ሌላ ስራ ሰራ። ዲሴምበር 18 ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበቷን ለአገር ብላ ሰጠች፣ ህዝቡም ተሰልፎ ወርቁን አወጣ፣ ሙሶሊኒን ሲያሙት የነበሩት ሁሉ ፈረንጁ ተባብሮብናል ብለው ከኋላው ቆሙ። ሜይ 5፣ 1936 የጣልያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ፣ ጁን 30 ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ተናገሩ፣ ጉባኤው በሳምንቱ ውስጥ ማዕቀቡ ይነሳ አለ፣ ጁላይ 15 ተነሳ። የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት እንደጻፈው በ1938 ሚዩኒክ ላይ ሙሶሊኒ ራሱ ለሂትለር ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ መውጣት ነበረብኝ ብሎታል።

የዛሬውን ሕግ ባጭሩ ልበላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 41 ለጸጥታው ምክር ቤት የማዕቀብ ስልጣን ይሰጠዋል፣ አንቀጽ 25 ደግሞ ውሳኔውን ሁሉም አባል አገር እንዲፈጽም ያስገድዳል፣ ይሄኛው ሕጋዊነቱ ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ ያለው አንድ አገር ብቻዋን የምትጥለው ላይ ነው። የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1986 በኒካራጓ ጉዳይ አሜሪካ የወሰደችው የንግድ እርምጃ በልማዳዊው ሕግ፣ ማለትም አገሮች በተግባር ባጸኑት፣ ጣልቃ ገብነት ነው ለማለት አልችልም አለ፣ በሌላ በኩል ከ1992 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አሜሪካ ኩባ ላይ የጣለችው እገዳ ይነሳ እያለ በሰፊ ድምጽ ይወስናል፣ አስገዳጅ ስላልሆነ እገዳው እንዳለ ነው። ስለዚ አንዱ ተነስቶ "በኢንተርናሽናል ሎው ክልክል ነው" ሲላችሁ የቱ ሕግ በሉት፣ "ሕጋዊ ነው" ለሚለውም እንደዛው። እኔ በበኩሌ ከኩባ ጋር ለምን ነገድክ ብሎ የሶስተኛ አገር ኩባንያ መቅጣት ልክ አይመስለኝም፣ የ1996ቱ ሄልምስ በርተን የሚባለው የአሜሪካ ሕግ የሚሄደው ግን ወደዛ ነው።

መውጫውንም ፈልጉ። ኢራቅ ኩዌትን ስትወር በአራተኛው ቀን፣ ኦገስት 6፣ 1990፣ 661 የሚባለው የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ወጣባት፣ ማብቂያ ቀን አልነበረውም፣ ኩዌት ነፃ ወጣች ማዕቀቡ ግን ቀጠለ፣ ምክንያቱም ለማንሳት ሌላ ውሳኔ ያስፈልጋል፣ ያንን ደግሞ አንድ ቬቶ ያለው አገር ብቻውን ሊያስቀረው ይችላል። ህዝቡ መድኃኒት እስኪያጣ ድረስ አመታት ሄደው በብዛት የተነሳው ሳዳም ከወደቀ በኋላ ሜይ 2003 ነው። ጎረቤታችን ኤርትራ ላይ ዲሴምበር 2009 ላይ በውሳኔ ቁጥር 1907 የተጣለው ማዕቀብ ደግሞ ኖቬምበር 2018 ነው የተነሳው፣ ከኛ ጋር እርቅ ከወረደ ከአራት ወር በኋላ።

ባንኩ ጋር ልመለስ፣ ይሄን መጽሐፍ ላይ ብዙም አታገኙትም። ዶላር የትም ይላክ የት ብዙውን ጊዜ በኒውዮርክ ባንክ በኩል ነው የሚያልፈው፣ የአሜሪካ ዝርዝር አዲስ አበባ ድረስ የሚሰራው በዚህ ነው። ከሳዑዲ ወይ ከዱባይ አንዲት ልጅ ለናቷ ብር ትልካለች፣ የላኪዋ አባት ስም መሐመድ አሊ ነው፣ ሲስተሙ ዝርዝሩ ላይ ካለ ሌላ መሐመድ አሊ ጋር ያመሳስለውና ክፍያው ቆሞ ቀይ ይበራል፣ የልደት ቀን አምጡ፣ ፓስፖርት አምጡ፣ የውጭው ባንክ ይጠይቃል እኛ እንመልሳለን፣ ቀኑ ይሄዳል፣ እናትየው መስኮቱ ጋ ቆመው "ልጄ፣ ልጅቷ ልኬያለሁ ብላኛለች እኮ" ይላሉ። ማንም አልከለከላቸውም። ባንኮች ለምን ይህን ያህል ይፈራሉ ካላችሁ፣ ቢኤንፒ ፓሪባ የሚባለው የፈረንሳይ ባንክ ለሱዳን፣ ለኢራንና ለኩባ በዶላር ክፍያ አሳለፍክ ተብሎ በ2014 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ነው የተቀጣው፣ ከዛ በኋላ የትኛው ኮምፕላያንስ ኦፊሰር፣ ማለትም ባንኩ ሕግ እንዳይጥስ የሚቆጣጠር ሰራተኛ፣ ነው ለአንድ የኩላሊት እጥበት ማሽን መለዋወጫ ብሎ ራሱን አደጋ ላይ የሚጥል? የተፈቀደውንም ጭምር እምቢ ማለት ይቀለዋል።

ስለዚ ከናንተ መሀል እርዳታ ድርጅት ወይ ባንክ የሚገባ ካለ የተከለከለውን ብቻ እንዳያነብ፣ የተፈቀደውንም ያንብብ። 14046 የወጣ ቀን አብረውት ጀነራል ላይሰንስ የሚባሉ ፈቃዶች ወጥተው ነበር፣ ለእርዳታ ድርጅት ስራ፣ ለምግብና ለመድኃኒት። የጸጥታው ምክር ቤትም ዲሴምበር 2022 ላይ 2664 በሚባለው ውሳኔ ለሰብዓዊ እርዳታ የሚውል ገንዘብ የንብረት እገዳን እንደጣሰ አይቆጠርም ብሏል፣ ይሄ ግን የሚሰራው በተባበሩት መንግሥታት በራሱ ማዕቀብ ላይ ነው፣ አንድ አገር ብቻዋን ለጣለችው የዛችን አገር ፈቃድ መፈለግ አለባችሁ። ክፍያችሁ ሲቆም ስልክ ደውላችሁ ከመለመን በፊት የፈቃዱን ቁጥር ጠቅሳችሁ በደብዳቤ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሁፍ ይስጧችሁ።