ቫይረሱ ባይታይም ጉልበቱን እዪለት

እህቴ፣ አባትሽ 64 ዓመቱ እንደሆነ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ስለሚወስድ ቫይረሱ በምርመራ እንደማይታይ፣ ግን ከመደብ ለመነሳት ሰው እንደሚፈልግና አረቄውንም እንዳልተወ ጽፈሻል። «እርጅና ነው ብዬ ልተወው?» ብለሻል። እባክሽ አትተዪው።

እኔ እዚሁ ጎንደር ታላቅ ወንድሜን አስታምሜያለሁ። መድኃኒቱ በ1997 በነፃ መሰጠት ሲጀምር ቀድመው ከጀመሩት ነው። ያኔ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የብዙ ሰው እግር ነርቭ ጎድቷል። አረቄም ነርቭና ጡንቻ ይጎዳል። ሁለቱ ተደርበውበት አንድ ቀን ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ ሳይታወቀው በአንድ እግሩ ጫማ ቤት ገባ። ቫይራል ሎዱ፣ ማለትም በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ግን ሁሌም ጥሩ ስለነበር ስለ እግሩ የጠየቀው አልነበረም።

አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ አላይቭ የሚባል ጥናት አለ። ዕፅ በመርፌ የወሰዱ ሰዎችን እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይከታተላል። ሚዛን መጠበቃቸውን፣ አረማመዳቸውንና ከወንበር አነሳሳቸውን ለክተው፣ ቫይረሱ ያለባቸውና ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ለሞት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አገኟቸው። የዕፁ ነገር ከአረቄ ይለያል። የጉልበቱ መለኪያ ግን ለአባትሽም ይሆናል። አጠገቡ ቁሚና እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ከወንበር 5 ጊዜ ተነስቶ ይቀመጥ። ካቃተው ወይም ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደበት ለሐኪሙ ንገሪ። ፊዚዮቴራፒ (ጡንቻን በእንቅስቃሴ የሚያጠነክር ሕክምና) እንዲልኩትም ጠይቂ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ወንድሜን ከሁሉም በላይ የረዳው ይህ ነው። ቀስ በቀስ የፋሲል ግቢን አጥር ተከትሎ ያለ ምርኩዝ መሄድ ቻለ። ምግቡንም ተከታተዪ፤ አረቄ የቀመሰ ሰው ምሳ አያምረውም። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ትንሽ ትንሽም ቢሆን ይብላ።

«ከአረቄ ጋር አይስማማም» ብሎ የጠጣ ቀን መድኃኒቱን የሚዘል ብዙ ነው። ይሄ በጣም ያስፈራኛል፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን የሚላመደው እንዲህ ሲቆራረጥ ነው። ጠጥቶም ቢሆን ይዋጠው። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ጠርሙሱን በአንድ ጊዜ አትንጠቂው። ድንገት ማቆም እስከ መንፈራገጥ ሊያደርስ ስለሚችል በሐኪም ምክር ይቀንስ። የቲቢ መከላከያ ኪኒን ከጀመረም መጠጡን ለነርሷ አትደብቂ፤ ሁለቱም ጉበት ይጎዳሉ።