ካምቢዮው ከመከፈቱ በፊት

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ሐረር ከሚኖር ሰው ኦቶማቲክ ኮሮላ ገዛሁ። ስሙ ዞሮልኛል፣ ሊብሬውም በእጄ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ አለ። ወደ ድሬ አስመጣሁት። መካኒኩ የካምቢዮው ዲስኮች ተቃጥለው እንዳገኛቸውና ካምቢዮው በሌላ መቀየር እንዳለበት ነገረኝ። ለሻጩ ብደውል «አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ መሠረት ያለው ጥያቄ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ዕቃው ያገለገለ መሆኑ ብቻ ከዚህ ነጻ አያወጣውም። ጉድለቱ ግን በርክክብ ጊዜ የነበረ መሆን አለበት። ገዢውም እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ፣ ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥም መክሰስ አለበት።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። «ወደ ድሬ አስመጣሁት» ብለው አለፉ፤ በምን እንዳስመጡት አልጻፉም። መካኒኩም ዲስኮቹን ተቃጥለው አገኛቸው ይላሉ። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዲስክ ደግሞ ካምቢዮው ወርዶ ካልተፈታ በዓይን አይታይም። መኪናው በገመድ ተጎትቶ ወርዷል፣ ካምቢዮውም ተፈቷል ብዬ እገምታለሁ። ብሳሳት ደስ ይለኛል።

በተበላሸ መኪና ጉዳይ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ያስፈቱታል፣ ቀጥሎ ያስጠግኑታል፣ ገንዘቡ ሲያልቅ ጠበቃ ይፈልጋሉ። መንገድ ላይ ቆሞ መቅረት እንዴት እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ፤ ግን አንዲት ገጽ ደብዳቤ መጻፍ ካምቢዮ ከማውረድ ይቀል ነበር።

የሻጩ ጠበቃ የሚለውን ከወዲሁ ይስሙ። በኦቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይቱን የሚገፋውን ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መኪናውን የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተተ የውስጡ ክፍሎች በቂ ዘይት ሳያገኙ ይዞራሉ፣ ይጎዳሉም። ስለዚህ «የደንበኛዬ መኪና ደህና ነበር፤ ያበላሸው ጉተታው ነው» ይላል። ቀጥሎ «ጋራዡ ምን ዓይነት ዘይት ጨመረበት? እነዚህ የተቃጠሉ ዲስኮችስ ከዚያው መኪና ስለመውጣታቸው ማን ያውቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ጉድለቱ ከርክክብ በፊት የነበረ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው፤ ዋናው ማስረጃ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ተበትኗል።

ያም ሆኖ ያልጠፋ ነገር አለ። ከመጎተቱ በፊት ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ሲል መኪናው ውስጥ ማን ነበር? ያ ሰው ወሳኝ ምስክር ነው፤ ችግሩ ከጉተታው በፊት መጀመሩን የሚያስረዳልዎት እሱ ነው። ዲስኮቹ ቆሻሻ ላይ እንዳይጣሉ። በካርቶን ተደርገው ይታሸጉ፣ የካምቢዮው ቁጥርና የሻንሲው ቁጥር በፎቶ ይያዝ። አሮጌው ዘይት ካለ በንጹሕ ጠርሙስ ያስቀምጡ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ዘይት ለባለሙያ ብዙ ይናገራል። ሌላ ካምቢዮ እንዳያስገጥሙ፤ መጀመሪያ ከጋራዡ ውጭ የሆነ ባለሙያ አይቶ በጽሑፍ ሪፖርት ይስጥ፤ ሻጩም መጥቶ እንዲያይ በደብዳቤ ይጠራ።

የስልክ ጥሪው አይበቃም። ቀን ያለበት፣ ጉድለቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ዛሬ ይጻፉ፤ ሻጩ ፈርሞ ይቀበል፣ እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩለትና ደረሰኙን ይያዙ። ሽማግሌ ልኮ መነጋገር መልካም ነው፤ ደብዳቤው ግን ሽምግልናውን አይጠብቅም።

«አይተህ ነው የገዛኸው» ለሚለው፣ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ። «በነበረበት ሁኔታ ፈትሼ ተረክቤያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለ ነገሩ ይከብዳል፤ ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ ያ ዐረፍተ ነገር አያድነውም። ጠዋት በቀዝቃዛ ሞተር ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ሁለት ዙር ቢነዱት ላይታይ የሚችል ችግር ካምቢዮው ሲሞቅና ዳገት ሲከብደው ይወጣል። ሐረር መኪናውን ይጠግን የነበረውን ጋራዥ ያፈላልጉ፤ ሻጩ ከሽያጩ በፊት ስለ ካምቢዮው ተነግሮት ከነበረ ጉዳይዎ መልኩን ይቀይራል።

ሌላም ያልጠየቁኝ አለ፦ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ በእርግጥ የከፈሉት ነው? ለግብር ሲባል ዝቅ ተደርጎ ከተጻፈ፣ ውሉ ቢፈርስ የሚመለስልዎት የተጻፈው ሊሆን ይችላል፤ በጽሑፍ ውል ላይ በሰው ምስክር መከራከር ሕጉ አይፈቅድምና። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት ካለዎት ይያዙ።

እርስዎ ድሬዳዋ፣ ሻጩ ሐረር መሆናችሁ ክሱ የሚቀርብበትን ፍርድ ቤት ይነካል፤ ይህን ውሉን ያየ ጠበቃ ይወስንልዎት። ሲሄዱ ውሉን፣ ሊብሬውን፣ የደብዳቤውን ቅጂ፣ የጋራዡን ደረሰኝና ፎቶዎቹን ይዘው ይሂዱ። ሰነድ ሳላይ ይህ መልስ አቅጣጫ ማሳያ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን አሁኑኑ ለመካኒኩ ይደውሉና ዲስኮቹ የት እንዳሉ ይጠይቁት።