ያልወጣሁት ደረጃ

ባለፈው እሑድ ኮምቦልቻ፣ እኔ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ አንድ የጎረቤት ልጅ መጣ። ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነው። ጎበዝ ነው፣ ስልኩን ግን ከእጁ አያስቀምጥም። «ጋሼ፣ ተጠባባቂ ጀነሬተሩን በየሳምንቱ አስነሱ ይሉናል። መብራት ካልጠፋ ምን ያደርጋል? ዝም ብለን ብንፈርምስ?» አለኝ።

አልመለስኩለትም። በረካውን ሳልጠጣ ተነሳሁ።

ባሕር የሚባለውን መጀመሪያ የሰማሁት ከአሰብ ጭነው ሲመጡ እዚህ ከሚያድሩ ሾፌሮች ነው። በዚያን ጊዜ በተሳቢ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ የገባ ሾፌር ለእኛ ለልጆች ከካፒቴን አያንስም ነበር። ብቻ እኔም አድጌ መርከብ ላይ ወጣሁ፤ ኋላም የውጭ የሽርሽር መርከብ ላይ ኢንጂነር ሆንኩ።

ብዙ ሰው ዲዝሉ በቀጥታ ፕሮፔለሩን የሚያዞር ይመስለዋል። በዘመኑ የሽርሽር መርከብ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ አይደለም። ዲዝሉ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ነው፤ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ሌላ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ወጥ ቤቱም፣ ሊፍቱም፣ ሽንት ቤቱም ሳይቀር ከዚያው ነው የሚያገኙት። መብራት ጠፋ ማለት ሁሉም ቆመ ማለት ነው። ለዚያ ቀን ሲባል ከሞተር ክፍሉ ርቆ፣ ውሃ እንዳይደርስበት ላይ ፎቅ፣ የድንገተኛ ጀነሬተር ይቀመጣል። የባሕር ሕጉ በ45 ሴኮንድ ውስጥ ተነስቶ ለመርከቡ ኤሌክትሪክ መስጠት ይጀምር ይላል። እስከዚያ የሚይዘው ባትሪ የሚያቆየው ግማሽ ሰዓት ነው።

አንድ ቅዳሜ ወደብ ላይ ቆመን የድንገተኛ ጀነሬተሩ ፍተሻ ተራ የእኔ ነበር። እናቴ ጋ መደወል ፈልጌያለሁ፤ የስልኩ ሰልፍ ረጅም ነው። ዘጠኝ ፎቅ ደረጃ ወጥቼ ሞተር ላስነሳ? ፈረምኩና ወረድኩ። መስመሩም «ሃሎ፣ ሃሎ» ስንባባል ተቋረጠ።

በዘጠነኛው ቀን ሌሊት፣ መሐል ባሕር ላይ፣ ነዳጅ ቆሽሾ ዋናዎቹ ሞተሮች ጠፉ። ጸጥታው አስፈሪ ነው። ቆጠርኩ። አርባ አምስት አለፈ። ስልሳ። ደረጃውን በሩጫ ወጣሁት። ጀነሬተሩ ተነስቶ እየጮኸ ነው፣ ኤሌክትሪኩን ወደ መርከቡ የሚለቀው ማብሪያ፣ ብሬከሩ፣ ግን አልገባም። በእጅ እስክናስገባው ሃያ ደቂቃ ፈጀብን።

ሊፍት ውስጥ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ስናወጣቸው እጄን ያዙና ሃያ ዶላር አስጨበጡኝ። ተቀበልኳቸው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዓለት ተጋጨች። 290 ሜትር የምትረዝም፣ ገና ስድስት ዓመት ያልሞላት መርከብ ናት። ከ4,200 በላይ ሰው ተሳፍሮባታል፤ 32ቱ ሞቱ። ውሃው ጀነሬተሮቹ ያሉበትን ክፍል ሲሞላው መብራት ጠፋ፤ የድንገተኛውም እንደሚገባው አልሠራም። ሰው ሁሉ የካፒቴኑን ጥፋት ያወራል፤ ልክ ነው፣ ጥፋተኛ ነው። የእኔ ዓይን ግን ጀነሬተሩ ላይ ቀረ።

የዛሬ ልጆች ቸልተኛ ናችሁ ልል ነበር። እኔ ስፈርም ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ስልክም በኪሴ አልነበረም። እንግሊዝኛ ተማሩ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ሌሎች ነግረዋችኋል። አንተ ልጅ ግን ነገ ሂድና አስነሳው። ማስነሳት ብቻ አይደለም፣ የኤሌክትሪክ ጭነት አሸክመው። የእኛም ሞተሩማ ተነስቶ ነበር።

አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ቅጹ ላይ ሁለት ፊርማ ነበር። ሁለተኛው የፊሊፒንሱ ኤሌክትሪሻን ነው፤ እኔን አምኖ ነው የፈረመው። ምርመራው ሲመጣ ጣቱ ወደ እሱ ዞረ፤ ብሬከሩ የእሱ ሥራ ነው ተባለ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ አለኝ። ደውዬለት አላውቅም።