የአንባቢያን ጥያቄ፦ አዲስ ቸርኬ ገባ፣ የጎማዋ መብራት ግን አልጠፋ አለች

«ለራቫ ፎሬ ከነጎማው አዲስ ቸርኬ አስገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ሞተር ባስነሳሁ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የጎማ መብራት አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ትልና በርታ ትቀራለች። ጎሚስታው አራቱንም 33 ፒኤስአይ ሞልቷል። ከመሪው ሥር ያለውን በተን ደጋግሜ ተጫንኩት፤ ወይ ፍንክች!» (ከደሴ፣ ሸዋ በር)

አብሽሩ፤ መብራቷ የምታወራው ስለ ንፋሱ አይደለም። ሳትብለጨለጭ ቀጥ ብላ ብትበራ ኖሮ አንዱ ጎማ ጎድሏል ማለት ነበር። መጀመሪያ ተብለጭልጫ ከዚያ በርታ ስትቀር ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቃቸውን፣ የጎማውን ንፋስ የሚለኩ ሴንሰሮች አጥቷል ማለት ነው። ይህ ሳይለይ ንፋስ መጨመርና መቀነስ ልፋት ብቻ ነው።

እንደ እርስዎ ባለ መኪና፣ በየቸርኬው ውስጥ ከቫልቩ ጀርባ የተሰካ ባለባትሪ ትንሽ ሴንሰር አለ። እያንዳንዱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናው የሚሰማውም የተመዘገቡለትን ቁጥሮች ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ሴንሰሮቹ ከአሮጌው ቸርኬ ጋር ቤት ቀርተዋል፣ ወይ አዲሱ ቸርኬ ላይ ሴንሰር ገብቶ አልተመዘገበም። በተኑ ይህን አይፈታም። የበተኑ ሥራ «አሁን ያለው ንፋስ ልክ ነው፤ ከዚህ ሲወርድ አስጠንቅቀኝ» ማለት እንጂ ቁጥር መመዝገብ አይደለም። ጎማው ጎድሎ ሳለ ከተጫኑትማ መኪናው ጉድለቱን እንደ ልክ ይይዘዋል።

ቀድመው ሴንሰር መኖር አለመኖሩን ያጣሩ። ከውጭ የብረት ቫልቭ ከነዳዶው ከታየ ሊኖር ይችላል። አጭር ላስቲክ ቫልቭ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ግን በላስቲክ ቫልቭ የሚሰካ ሴንሰርም ስላለ በዓይን ብቻ አይፍረዱ። የጎማ ሴንሰር ማንበቢያ መሣሪያ ያለው ጋራዥ መሣሪያውን ቫልቩ አጠገብ አስጠግቶ ቁጥሩን፣ የንፋሱን መጠንና የባትሪውን ሁኔታ በደቂቃ ያወጣዋል።

ከሌለ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የድሮዎቹን ሴንሰሮች ነቅሎ አዲሱ ቸርኬ ላይ ማስገባት ነው። ቁጥራቸው ስላልተለወጠ ምዝገባ አያስፈልግም፤ ቫልቩ በአዲሱ ቸርኬ ቀዳዳ ልክ መቀመጡን ብቻ ያረጋግጡ። ሆኖም የሴንሰር ባትሪ የሚቆየው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ የሚቀየርም አይደለም፣ ሴንሰሩ ራሱ ነው የሚጣለው። መኪናው ከ8 ዓመት በላይ ከሆነው ዛሬ አሮጌ ሴንሰር አስገብቶ ከወራት በኋላ ጎማ እንደገና ማስፈታት አያዋጣም። ሁለተኛው አዲስ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው ሴንሰሩ ለመኪናው መልእክት በሚልክበት የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሴንሰሮች በ315 ወይም በ433 ሜጋኸርዝ ይሠራሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቶዮታ የሚሰማው 315ን ነው፤ ለአውሮፓ የተሠራው 433ን። መልካቸው አንድ ነው፣ ቫልቩም ልክ ይገባል፤ ሞገዱ ካልገጠመ ግን መኪናው ምንም አይሰማም። የድሮውን ሴንሰር አስነቅለው ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡና ይዘው ይሂዱ።

አዲሱ ሴንሰር ወይ በመኪናው ኮምፒዩተር ላይ ከመሪው በታች ባለው የምርመራ ሶኬት በኩል ይመዘገባል፣ ወይ የድሮው ቁጥር ይገለበጥበታል። ሁለተኛው ይቀላል፤ የሚቻለው ግን ቁጥር በሚቀበል ሴንሰር ላይ ብቻ ነው። ጎማው ከተገጠመ በኋላ ሳይሆን ከመገጠሙ በፊት ሻጩን «ትመዘግብልኛለህ?» ብለው ይጠይቁ።

ለጎሚስታውም ይንገሩት። ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ ሲላቀቅ መጫኛው ቫልቩ ባለበት በኩል ካረፈ ሴንሰሩ ይሰበራል። የቫልቩ ዳዶ የሚጠብቀው በትንሽ ኃይል ነው፤ በረጅም ቁልፍ ከተጎተተ ግንዱ ይሰነጠቃል ወይም ጎሚኒው ተጨፍልቆ ቀስ እያለ ያስተነፍሳል። አሉሚኒየም ቫልቭ ውስጥ ተራ የናስ መርፌ (ንፋሱን ከውስጥ የሚዘጋው) አይገባም፤ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ይያያዙና በኋላ ሲፈታ መርፌው ተሰብሮ ይቀራል። ክዳኑም ፕላስቲክ ይሁን።

ሲያልቅ ሴንሰሩ እንዲነቃ ከ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ 20 ደቂቃ ያህል ይንዱ። በነገራችን ላይ የድሮዎቹን ጎማዎች መኪናው ውስጥ ጭነው ሳለ መብራቷ ከጠፋች አይደሰቱ፤ መኪናው የሚሰማው ከኋላ የተጫኑትን ነው።

«የእኔ መኪና ሴንሰር የለውም ተባልኩ። ታዲያ ቸርኬና ጎማ ከቀየርኩ በኋላ መብራቱ ለምን በየሁለት ቀኑ ይበራል?» (ከወልዲያ)

ያለ ሴንሰርም የሚሠራ ዓይነት አለ። ንፋስ የጎደለው ጎማ ዙሪያው ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጥኖ ይሽከረከራል፤ መኪናው ያንን ልዩነት በኤቢኤሱ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሥርዓት) በኩል ይቆጥራል። አዲሱ ጎማ ልኩ ሲለወጥ የድሮው ቆጠራ አይሠራም። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አራቱንም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይሙሉ፣ ከዚያ በተኑን መብራቱ 3 ጊዜ ብልጭ እስኪል ይጫኑት ወይም ከስክሪኑ ምርጫ ውስጥ ያስተካክሉት። ቀጥሎ እንደ መኪናው ከ20 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት በእኩል ፍጥነት መንዳት ያስፈልጋል። ጠመዝማዛ መንገድ ለዚህ አይሆንም፤ የውስጥና የውጭ ጎማ ፍጥነት በየመታጠፊያው ስለሚለያይ ቆጠራው አይረጋም። ለእርስዎ የሚመቸው የቆቦ ሜዳ ነው። ይህን ሁሉ አድርገው ተመልሶ ከበራ የአራቱን ጎማ ልክ ያነጻጽሩ፤ አንዱ አሮጌ ወይም በቁጥር የተለየ ከሆነ በተን አያድነውም።

«ከባቲ ወደ ሚሌ ስወርድ ጎማው 38 አሳየኝ። ይፈነዳል ብዬ ወደ 30 አወረድኩት። ደሴ አድሬ ሲነጋ መብራቱ በራ።» (ከኮምቦልቻ)

38ቱ ትክክል ነበር። ጠዋት በብርድ 33 የተሞላ ጎማ በአፋር ሙቀት ሲሮጥ እስከ 39 መድረሱ የሚጠበቅ ነው፤ ጎማው ለዚያ ተሠርቷል። በየ10 ዲግሪው 1.5 ፒኤስአይ ያህል ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሚሌ ላይ 60 ዲግሪ የደረሰ ጎማ ደሴ በኅዳር ጠዋት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኘው 7 ያህል ይቀንሳል፤ ከፍታው 3 ያህል መልሶ ይጨምርለታል። ከ30 ተነስተው 26 ላይ ደረሱ፤ ብዙ መኪና ደግሞ ከተመደበው ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲጎድል ያበራል። ጠዋት ደሴ ላይ 33 ይሙሉና እስከ ሚሌ አይንኩት።

«መብራቱን ችላ ብዬ ብነዳስ?» (ከሐይቅ)

ፍሬንም ሞተርም አይነካም፣ መንዳት ይችላሉ። ግን እውነተኛ ጉድለት ሲመጣ የሚነግርዎ የለም፤ ስለዚህ መለኪያ ገዝተው በየ2 ሳምንቱ ጠዋት ይለኩ፣ ተቀያሪውንም ጨምረው። በአንዳንድ ቶዮታዎች ተቀያሪው ጎማም ሴንሰር አለው፤ አራቱ ልክ ሆነው መብራቱ ቀጥ ብሎ ከበራ መጀመሪያ እሱን ይዩ።