መልስ፦ አማካሪህ «መግቢያህ ክፍተት አያሳይም» ላለህ ወንድሜ

የድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ሻጮች ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እያቀያየሩ እንዴት እንደሚነጋገሩ እያጠናህ፣ አማካሪህ የመመረቂያ ጽሑፍህን መግቢያ ለምን እንደሚመልስብህ ጠይቀሃል። የለጠፍከውን አነበብኩት። ሰውየው እውነቱን ነው። «ቋንቋ የመግባቢያ መሣሪያ ነው» ብለህ ጀምረህ ከፊራ የምትደርሰው አራተኛው ገጽ ላይ ነው። እስከዚያ ማን ይጠብቅሃል?

ጆን ስዌልስ የተባለ የቋንቋ ምሁር የምርምር ጽሑፎችን መግቢያ አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት እርምጃዎችን አሳይቷል። መጀመሪያ ጉዳዩ ለምን እንደሚያነጋግር ታሳያለህ። ቀጥሎ ሌሎች ያልነኩትን ትጠቁማለህ፤ አማካሪህ «ክፍተት» ያለው ይህን ነው። ከዚያ «እኔ ይህን እሠራለሁ» ትላለህ። አንተ ሁለተኛውን ዘለኸዋል።

«በድሬ የተሠራ ጥናት የለም» ማለት ብቻውን አያዋጣም። ስለ የትኛውም ከተማ እንዲህ ማለት ይቻላላ! ይልቅ ጠበብ አድርገው፦ «ያገኘኋቸው ጥናቶች ያተኮሩት በመማሪያ ክፍል ውስጥ ንግግር ላይ ነው፤ ዋጋ ሲከራከሩ ቋንቋ መቀየር ምን እንደሚፈይድ አላዩም።» እርግጥ ይህን ለማለት አንብበህ ማረጋገጥ አለብህ። ፈታኞች አፋጠው የሚይዙህ እዚህ ጋ ነው። «ማንም አላጠናውም» የሚለውንም አውጣው፤ «እስካየሁት ድረስ» በቂ ነው።