ጌም ያስለመድኩት ጓደኛዬ ሲበልጠኝ ለምን ያመኛል?

የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት ወንድሜ። ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸውና ወደ መልሴ ልግባ፤ የቅርብ ጓደኛህን ጌሙን ያስለመድከው አንተ ነህ፣ በ7 ወር ውስጥ ግን በራንክ (ጌሙ በሚሰጠው የችሎታ ደረጃ) ጥሎህ ሄደ፣ የማታውቀው ሰው ሲያሸንፍህ "ጂጂ" (ጥሩ ጨዋታ ነበር) ብለህ ወደሚቀጥለው ማች ትገባለህ፣ እሱ ሲያሸንፍህ ግን እንቅልፍ ታጣለህ፣ ከዛ "ዛሬ ደክሞኛል ልተኛ ነው" እያልከው ኦፍላይን መስለህ ከማታውቃቸው ጋር መጫወት ጀመርክ። አንድ ቀን ጠዋት ሂስትሪህን (የተጫወትካቸውን ጌሞች ዝርዝር) ከፍቶ አየው፣ ደክሞኛል ባልክበት ማታ 11 ጌም። "ምን አጠፋሁ?" ብሎ ጻፈልህ፣ አንተም እስካሁን አልመለስክለትም።

መጀመሪያ ስለ ቅናቱ። "ክፉ ሰው ነኝ ወይ" ብለሃል፣ አይደለህም። አብርሃም ቴሰር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራው እንዳስረዳው የሰው መብለጥ በጣም የሚያመን የበለጠን ሰው ቅርባችን ሲሆንና ነገሩ ደሞ "እኔ እኮ እዚህ ላይ ጎበዝ ነኝ" የምንልበት ሲሆን ነው። የማታውቀው ሰው ቅርብህ አይደለም፣ ማቹ ሲያልቅ ስሙንም ትረሳዋለህ። ጓደኛህ ደሞ በሥዕል ምናምን ቢበልጥህ ኖሮ ለሰው ሁሉ በኩራት ታወራለት ነበር። ባንተ ላይ ሁለቱም ተገጣጠሙ፣ በዛ ላይ የአስተማሪነት ቦታህንም አጣህ፣ ትናንት "እዚህ ጋ ተደበቅ፣ አሁን ውጣ" ስትለው የነበረው ልጅ ዛሬ አንተን "ቆይ አትውጣ" ይልሃል። ይሄ ያማል፣ እውነት ያማል።

ያላስተዋልከው ነገር ደሞ አለ። ብቻህን ስትገባ የጌሙ ሲስተም እኩያህን ተጋጣሚ ስለሚፈልግልህ ግማሽ ያህሉን ታሸንፋለህ፣ ከሱ ጋር አንድ ፓርቲ (አብሮ የሚገባ ቡድን) ሆነህ ስትገባ ግን በብዙ ጌሞች ተጋጣሚ የሚመረጠው የሱም ራንክ ታስቦ ነው፣ ስለዚ ካንተ የሚከብዱ ሰዎች ይመጡብሃል። "ከሱ ጋር ስሆን እጄ ይተሳሰራል" ያልከው አንዱ ምክንያቱ ይሄ ይመስለኛል፣ ችሎታህ የትም አልሄደም።

እኔን ከቅናቱ በላይ ያሳሰበኝ ውሸቱ ነው። እሱ ቅናትህን አያውቅም፣ እሱ ያየው 11 ጌም ብቻ ነው፣ እና ስማቸውን እንኳን የማታውቃቸውን ሰዎች ከኔ አስበልጦ መረጠ ብሎ ነው የሚያስበው። ዛሬውኑ መልስለት እባክህ፣ "ሥራ በዝቶብኝ" እያልክ ሰበብ አትደርድር። እንዲህ በለው፤ "ምንም አላጠፋህም። ስትበልጠኝ ከበደኝ፣ ልነግርህ አፈርኩና ዋሸሁህ፣ ይቅርታ።"

ከዛ በኋላ ራንክ ያለውን ለብቻህ መጫወት ትችላለህ፣ ግን በግልፅ፣ ኦንላይን መሆንህን እያየ፣ "ዛሬ ሶሎ ነኝ" ማለት እኮ ምንም ነውር የለውም። ከሱ ጋር ለጊዜው ራንክ የሌለውን ሞድ ግቡ፣ እርስ በርስ አትጋጠሙ፣ አንድ ቲም ሁኑ። በማይክ ሲያርምህ የምትናደድ ከሆነ "ማቹ ካለቀ በኋላ ንገረኝ" በለው። እንቅልፍ ማጣቱ ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልተወህ ግን ባለሙያ በአካል አግኝተህ አናግር።

ደግሞ እሱ እኮ ያን ሂስትሪ አይቶ አልሰደበህም፣ ብሎክም አላደረገህም፣ ጠየቀህ። መልስህን እየጠበቀ ነው።